ጎረቤቷ ምን አለች?

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሥራ ቦታዬ የተመለስኩት የራሴን ሥጋ በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ነው። ከአያት በባቡር ተሳፈርኩ። ጠርሙሷን በፌስታል፣ ፌስታሉን ደግሞ በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ በሁለት እጄ ያዝኳት። ሥራ ላይ ሳለሁ ናሙና የሚያመጡ ቤተሰቦችን "ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ አታናውጡ፣ ክዳኑን አትንኩ" እያልኩ ስጨቀጭቅ ኖሬ፣ ያን ቀን ራሴን ስጨቀጭቅ ዋልኩ።

ጉርድ ሾላ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አየት አደረገችኝና "ጸበል ነው እናቴ?" አለችኝ።

"አይደለም ልጄ።"

"አያያዝዎ ግን የጸበል ነው።"

ሳቄ አመለጠኝ። ሴትየዋ ግራ ገብቷት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ምን እንዳስታወሰችኝ ብታውቅ ኖሮ አብራኝ ትስቅ ነበር፤ ወይም ታለቅስ ነበር። እሱን በቦታው እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የኔን ነገር ልጨርስ። ግራ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። በቀጭን መርፌ ተወስዶ ሲታይ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። የሚለቀሰውን አልቅሻለሁ፣ እዚህ አልደግመውም። የቀረው "የትኛው ዓይነት ነው?" የሚለው ጥያቄ ነበር። ለዚህ ወፈር ባለ መርፌ ሌላ ናሙና ተወሰደና ጠርሙሷን እኔው ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። ያንን ጥያቄ ለሌሎች ሴቶች ስመልስ የኖርኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ እሱ ነበር።

የጡት ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ የካንሰር ሕዋስ የሴት ሆርሞን የሚቀበልበት ፕሮቲን አለው። ይህ ፕሮቲን ካለ በሽታው ብዙውን ጊዜ ረጋ ያለ ነው፤ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ለዓመታት ሊገታ ይችላል። ከሌለ ክኒኑን መዋጥ ውሃ ከመጠጣት አይለይም፣ የሚቀረው ጠንካራው ኬሞ ነው። በሕዋሱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ሆኖ የሚታይ ሌላ ፕሮቲንም አለ፤ እሱ ከተገኘ የራሱ መርፌ አለው። በሽታው ወዴት እንደሚሄድና የትኛው መድኃኒት እንደሚደርስበት የሚናገሩት እነዚህ ፕሮቲኖች ናቸው። በዓይን አይታዩም። ቀለም አልብሰን የምናወጣቸው እኛ ነን።

እኔ የፈለግኩት ክኒኑን ነበር። ኬሞ እፈራለሁ፤ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና ከማያውቀው ሰው ይልቅ እፈራለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ክፍለ ሀገር ባለ ጤና ጣቢያ፣ የወባ ደም በማየት ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ወዳለ የመንግሥት ሆስፒታል ተዛወርኩና ሥጋን በሰም አድርቆ መቁረጥን ተማርኩ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። በመጨረሻ ቦሌ፣ ሩዋንዳ አካባቢ አንድ የግል ላቦራቶሪ የፕሮቲን ማቅለሚያ ሊጀምር ነው ሲባል ሰምቼ ገባሁ፣ እስከ ጡረታዬም ከዚያ አልወጣሁም። አለቃችን አቶ ፍስሐ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ስልክ ሲጮህ ከእሱ በፊት ልቡ ከወንበሩ ይነሳ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ዶክተር ለተብርሃን ናቸው። የመቐለ ሰው ናቸው። አጭር ስለነበሩ ማይክሮስኮፑ ላይ አይደርሱም፤ ስለዚህ ከቤታቸው ያመጡትን አረንጓዴ ትራስ ወንበሩ ላይ አድርገው ይቀመጡበት ነበር። ስላይድ፣ ቁራጩ ሥጋ ያረፈበትን መስታወት ማለቴ ነው፣ ከመንካታቸው በፊት መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ስላይዱ ካማራቸው በትግርኛ "ጽቡቕ" ይላሉ፤ በእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ካላማራቸው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከስድብ ይከብደኝ ነበር።

ሥጋውን ስቆርጥ መጥተው ከኋላዬ ይቆማሉ። በሰም የደረቀው ሥጋ ከሽንኩርት ልጣጭ ቀጥኖ ነው የሚቆረጠው። እሳቸው አያዩም፣ ያዳምጣሉ። "ምላጩ እያለቀሰ ነው፣ ቀይሪው" ይሉኛል። እኔ ምንም አልሰማም። ስቀይረው ግን ሥጋው ሳይጫጫር እንደ ሐር ይወርድልኛል። ጆሮዬ ያን ድምፅ እስኪለይ ድረስ ስንት ምላጭ እንደጣልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቁራጩን መስታወት ላይ ካሳረፍን በኋላ የምንቀቅለው በፕሬዠር ኩከር ነበር፤ ያው ባቄላ በሚቀቀልበት። ሰዎች ሲሰሙ ይስቃሉ። ሙቀቱ ፕሮቲኑን ከተሸሸገበት ያወጣዋል። ከዚያ ያንን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዘውን ፈሳሽ ጠብ እናደርግበታለን፣ እናጥባለን፣ ቀለም እንጨምራለን። ፕሮቲኑ ያለበት ሕዋስ ቡኒ ይሆናል፣ የሌለበት ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በደንብ የወጣ ስላይድ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ተልባ የተበተነበት ይመስላል። ከስንት ዓመት በኋላም ሲወጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ልማዳቸው ልምጣ። ዶክተር መጀመሪያ ካንሰሩን አያዩም። በካንሰሩ ዙሪያ ጤነኛ የጡት ቧንቧዎች አሉ፤ እነዚህ ሆርሞን የሚቀበለው ፕሮቲን ተፈጥሮ የሰጣቸው ናቸው፣ የማንም ሴት ጡት ቢሆን። ጎረቤት የሚሏቸው እነሱን ነው። አጠገባቸው ስቀመጥ ገና ዓይናቸውን ሳያሳርፉ "ጎረቤቷ ምን አለች?" ብለው ይጠይቁኛል። ጎረቤቷ ቡኒ ከሆነች ፈተናው ሠርቷል፣ ካንሰሩም የሚለው ሁሉ ይታመናል። ጎረቤቷ ራሷ ሰማያዊ ሆና ከቀረች ግን የካንሰሩ ሰማያዊነት ምንም ማለት አይደለም። ያቺ ሴት ገና አልተመረመረችም።

ይህ ቀላል ይመስላል። ቀላል አለመሆኑን ያወቅኩት በአብረኸት ጊዜ ነው።

አብረኸት ጉርድ ሾላ የመጋረጃ ሱቅ የነበራት የሁለት ልጆች እናት ናት። ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ናሙናውን ወንድሟ ኪሮስ አመጣልን፤ ጡቱ በትልቅ ጠርሙስ፣ ከብብቷ የወጡት ዕጢዎች በትንሽ። እኛ አገር ናሙና የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው፤ ሆስፒታሉ ጠርሙሱን ያስታቅፈዋል፣ እሱም ታክሲ ውስጥ ይገባል። ተቀበልኩት፣ አደረቅኩ፣ ቆረጥኩ፣ ቀቀልኩ፣ ቀለም አለበስኩ። ካንሰሩ ሰማያዊ ሆነ። ጎረቤቶቿም ሰማያዊ ሆኑ።

ጥፋቱ የኔ መሰለኝና ደገምኩት። ያው ነው። ቀለሙ መሥራቱን ለማወቅ ሁልጊዜ አብረን የምናቀልመው የራሳችን ስላይድ አለ፤ መቆጣጠሪያ እንለዋለን። እሱ ቡኒ ሆኖ ቁጭ ብሏል። አቶ ፍስሐ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ገባ።

"ዶክተር፣ ሆስፒታሉ እየጠበቀ ነው። ሕክምና ሊጀምሩላት ነው። መቆጣጠሪያው ሠርቷል አይደል? ኔጌቲቭ ብለን እንላከው በቃ።"

"መቆጣጠሪያው የመሰከረው ለአስካለ ነው" አሉ ዶክተር። አስካለ እኔ ነኝ። "አስካለ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች ነው ያለው። ስለ ሴትየዋ የሚመሰክረው የራሷ ጎረቤት ነው። ጎረቤቷ ደግሞ ዝም ብላለች።"

"ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ?"

"መልስ የለንም ብለን።"

"ኧረ ዶክተር! መልስ የለንም ለሚል ላቦራቶሪ ማን ናሙና ይልካል?"

"እኔ እልካለሁ።"

አቶ ፍስሐ ስልኩን ወደ ጆሮው መልሶ ወጣ። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። መልስ የለንም የሚለው ቃል የኔን እጅ የሰደበ መሰለኝ። ሥጋውን ከወትሮው አብልጬ ቀቀልኩት፣ ፕሮቲኑ ካለ ግድ ይወጣል ብዬ። ክዳኑን ስከፍት ቁራጩ ከመስታወቱ ተላቆ ውሃው ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ተንሳፏል። ሌላ ቆርጬ ሞከርኩ፣ እሱም ተላቀቀ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የተሸነፍኩበት ቀን የለም። የሴትየዋ መድኃኒት በኔ እጅ ነበር፣ እጄ ደግሞ ባዶ ነው።

በማግስቱ አብረኸት ራሷ መጣች፣ ኪሮስ ተከትሏት። ገና ቁስሏ አልደረቀም፤ ክንዷን ወደ ሰውነቷ አስጠግታ ነው የምትራመደው። አልተቀመጠችም።

"እናንተ ዘንድ የመጣሁት መልስ ፍለጋ እኮ ነው" አለች። "እንደማትችሉ ለመንገር ነው ይሄን ያህል ያስጠበቃችሁኝ? ክኒን ነው ኬሞ? ሌላ ምንም አልጠየቅኳችሁም። ልጆቼን ማን እንደሚያበላቸው ማሰብ አለብኝ፣ ሱቁን ልዝጋ አልዝጋ ማወቅ አለብኝ።"

ዶክተር ከትራሳቸው ላይ ወርደው ወንበራቸውን ለእሷ ሰጧትና ወደ ኪሮስ ዞሩ።

"ልጄ፣ ከሆስፒታሉ በር ጀምረህ እስከዚህ ድረስ ያለውን መንገድ ንገረኝ። ምንም አታስቀር።"

ኪሮስ ግንባሩን አሻሸ። "መንገዱ ምን ይነገራል፣ ዶክተር? ታክሲ ያዝኩ። ትልቁ ጠርሙስ ክዳኑ ላላ ብሎ ኖሮ ፈሰሰ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሰዉ ሁሉ ጮኸብኝ፣ ረዳቱም አስወረደኝ። ሥጋዋን ይዤ መንገድ ላይ ቆምኩ። ዓርብ ነበር፣ መሽቷል፣ እናንተም ዘግታችኋል። ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው ነው…"

እህቱን ዞር ብሎ አያት።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አሉት ዶክተር።

"የቀረውን ደፋሁትና ጸበል ሞላሁበት። እስከ ሰኞ ቤት፣ የማርያም ሥዕል ሥር አስቀመጥኩት።"

አብረኸት ቀስ ብላ ዞረች። "ጸበል ጨመርክበት?"

"እንዲምርሽ ብዬ ነዋ!" ብሎ ድምፁ ተሰበረ።

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አመሌን የምታውቁት ታውቃላችሁ። ዶክተር በዓይናቸው ያዙኝ። ሄደው ኪሮስን ትከሻው ላይ እጃቸውን ጣሉበት። እሳቸው ራሳቸው ጾም የማይሽሩ፣ ከኪዳን ጸሎት የማይቀሩ ሰው ናቸው። "ጸበሉ ለእህትህ ነው፣ ልጄ" አሉት። "ለጠርሙሱ ፎርማሊኑ ይበቃዋል። ፎርማሊን ሥጋውን በወጣበት ሰዓት ባለበት ያቆመዋል። ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ይበላሻል፣ የምንፈልገው ነገርም አብሮ ይጠፋል። ጠፋ ማለት ደግሞ አልነበረም ማለት አይደለም።" ከዚያ ጥቂት አሰቡና "ትንሿንስ ጠርሙስ?" ብለው ጠየቁት።

"እሷ አላፈሰሰችም። አልነካኋትም።"

"ምንም?"

"በማርያም! ክዳኗን እንኳን አልከፈትኩም።"

ዶክተር ወደ እኔ ዞሩ። መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር። ብብት ሥር ያለውን ዕጢ በሽታው ተሰራጭቶ እንደሆነ ለማየት ብቻ ነው የምንመረምረው፤ ለማቅለሚያው ሁልጊዜ የምንወስደው ከጡቱ ነው። ካንሰሩ ግን ዕጢዋ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ይህን ቀድመን አይተነዋል። ያ ለአብረኸት መጥፎ ወሬ ነበር። ያን ቀን ግን ያለን እሱ ብቻ ሆነ።

"ዕጢ ውስጥ የጡት ጎረቤት የለም እኮ፣ ዶክተር" አልኳቸው።

"ከሌላ ቤት እንዋስላታለን" አሉኝ።

እንዳሉት አደረግኩ። የሌላ ሴት ጤነኛ የጡት ቁራጭ ከአብረኸት ዕጢ ጎን አንድ መስታወት ላይ አሳረፍኩ፤ አንድ ላይ እንዲቀቀሉ፣ አንድ ላይ ቀለም እንዲለብሱ። ስላይዱን አስቀምጬላቸው ከኋላቸው ቆምኩ። ዶክተር መጀመሪያ የተዋስናትን ጎረቤት አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ዕጢው ሄዱ።

"ጽቡቕ" አሉ። ትንሽ ቆይተውም ደገሙት፤ "ጽቡቕ፣ አስካለ። ነይ እይ።"

ተልባው ከዳር እስከ ዳር ተበትኗል። የአብረኸት ካንሰር ፕሮቲኑ ነበረው። ኔጌቲቭ ብለን ልከን ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት የሚጠቅማትን ክኒን ሳታገኝ ትቀር ነበር፤ ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳይጠየቅ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይበርደኛል። ዶክተርንም ያን ቀን ነው አስተማሪዬ ከመሆናቸው አልፌ የወደድኳቸው።

አብረኸት ክኒኗን ለዓመታት ዋጠች፣ ሱቋም አልተዘጋም። ለምስጋና ስትመጣ ማይክሮስኮፑ ክፍል ፀሐይ እንደሚያስቸግር አይታ ኖሮ፣ ወፍራም ሰማያዊ መጋረጃ ሰፍታ ላከች። የሰቀለው ኪሮስ ነው። ሰቅሎ ሲወርድ ዶክተር "ይሄንንስ ጸበል ረጭተህበታል?" አሉት፤ እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ አሠራራችን ተለወጠ። ዶክተር "ሥራችን የሚጀምረው እዚህ አይደለም፣ ታክሲ ውስጥ ነው" ይሉ ጀመር። ናሙና ያመጣውን ሰው ሁሉ ወንበር ሰጥቼ "መንገዱን ንገረኝ፣ ከሆስፒታሉ በር ጀምረህ" እለው ነበር። ምን ያልሰማሁት ጉድ አለ! ፎርማሊኑ ያነሰ መስሎት አረቄ የጨመረበት አለ። እንዳይበላሽ ብላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከበግ ሥጋ ጎን ያሳደረችም አለች። አንዳቸውንም አልተቆጣሁም፤ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉም ከፍቅር ያደረጉት ነበር።

ዶክተር ዓይናቸው ሲደክም ወደ መቐለ፣ ወደ እህታቸው ቤት ገቡ። ትራሳቸውን ለተተኪያቸው ለዶክተር ሰላም ትተውላት ሄዱ። ሰላም ረጅም ልጅ ናት፣ ትራሱ አያስፈልጋትም፤ ግን አላነሳችውም። እኔም ማሽኑ ሲመጣ ጡረታዬ ደረሰ። ማሽኑ ሁሉን ራሱ ያደርጋል፤ ይቀቅላል፣ ያጥባል፣ ያቀልማል። መጀመሪያ ሰሞን አጠገቡ ቆሜ ስከታተለው ሰላም "እትዬ፣ ሪላክስ ይበሉ፣ ኦቶማቲክ ነው" ትለኝ ነበር። አኩርፌ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከኔ የጠራ ስላይድ ያወጣል።

ጠርሙሴን ሳስረክባት ሰላም ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ። "በሉ እትዬ፣ መንገዱን ይንገሩኝ" አለችኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። "ከአያት በባቡር፣ ክዳኑ አልተነካም" አልኳት።

ውጤቱ ሲደርስ ደወለችልኝ። በስልክ አልነገረችኝም። "ይምጡና አብረን እንየው" አለች። ያኔ ገባኝ።

የአብረኸት መጋረጃ ተጋርዷል። ሁለት ሰው አብሮ በሚያይበት ማይክሮስኮፕ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሰላም ስላይዱን አስቀመጠች። የኔ ሥጋ ነው። ዓይኔን ከማሳረፌ በፊት "ካንሰሩን አታሳዪኝ" አልኳት። "ወደ ጎረቤቷ ውሰጂኝ።"

እዚህ ላይ የተሰማኝን አልደብቅም። ሰማያዊ ሁኚ ብዬ ለመንኳት። ጎረቤቴ ዝም ካለች ፈተናው አልሠራም ማለት ነው፤ ሌላ ናሙና ይወሰዳል፣ እንደ አብረኸት ሁለተኛ ዕድል አገኛለሁ፣ ክኒኑም ገና ተስፋ አለው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ሆና እንዳላያት ስፈራ የኖርኩትን ነገር ያን ቀን ተመኘሁት።

ጎረቤቴ ቡኒ ነበረች። ጥርት ያለች፣ ተልባ የመሰለች፣ እንከን የሌለባት።

ከዚያ ሰላም ወደ ካንሰሩ ወሰደችኝ። ሰማያዊ ነው። ሌሎቹንም ስላይዶች አየን። ቀለበት የለም፣ ቡኒ የለም። አንዱም ፕሮቲን የለም።

"እትዬ" አለች ሰላም፤ ዓይኗ ሞልቷል። "ልድገመው? አሁኑኑ ሌላ ቁራጭ አስቆርጬ…"

ኪሮስ ትዝ አለኝ። እሱም እንዲህ ባለ ፊት ነበር የሚያየን። እጇን ያዝኩት። "አትድገሚው፣ ልጄ" አልኳት። "ተናግራለች እኮ።"

ማታ መቐለ ደወልኩ። ዶክተር አይዞሽ አላሉኝም፣ አላለቀሱልኝም። ነገሩን ከላይ ከላይ እንደሰሙ ወዲያው "ጎረቤቷ ምን አለች?" አሉኝ።

"ተናግራለች፣ ዶክተር። ጥርት አድርጋ።"

ዝም አሉ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ ይሄኛውን ግን ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ "ጽቡቕ" አሉ። ስላይዱን ነው ያሉት። ድምፃቸው ግን ተሰብሯል።

"ሰኞ ኬሞ እጀምራለሁ" አልኳቸው። "ፈርቻለሁ፣ ዶክተር።"

"ፍሪ፣ ችግር የለውም" አሉኝ። "የምትወስጂው ግን የራስሽን መድኃኒት ነው።"